ታንከሩ በስተግራ ነበር

እኔ በምኖርበት የሰሜን አገር ከተማ፣ በክረምት ፀሐይ የምትወጣው ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው፤ የምትጠልቀውም ከሥራ ሳልወጣ። ስለዚህ ስልኬን የምከፍተው በምሳ ሰዓት ነው። የምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትልልቆቹ ድስቶች ታጥበው ከተደፉ በኋላ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አማትቤ፣ ምሳዬን እየበላሁ ናዝሬትን አያታለሁ። አዳማ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እላለሁም። የድሮ ፎቶ ሳይ ግን አፌ ላይ የሚቀድመው ናዝሬት ነው፤ እኔ ሳድግ የምንጠራት በዚያ ስም ነበርና።

ፎቶዎቹን የሚለጥፈው የአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ልጅ ነው። ልጅ አልኩ እንጂ እሱ ራሱ ከአስተማሪነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አባቱ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሲሞቱ በብስኩት ቆርቆሮዎች የታጨቀ ፊልም ትተው ሄዱ። እሱ ፊልሞቹን አንድ በአንድ መስኮት መስታወት ላይ በፕላስተር እየለጠፈ፣ ብርሃን ሲያልፍባቸው በስልኩ ያነሳቸዋል። ከዚያ እዚያው ስልኩ ላይ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር ያደርግና ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ይለቀዋል። ከሥሩ ሁልጊዜ የሚጽፈው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። የት ነው? ማን ነው?

የት ነው የሚለው ይቀድማል። ቦታው ካልታወቀ ሰው አይታወቅም። ናዝሬት ቤት ይፈርስባታል፣ ዛፍ ይቆረጥባታል፣ መንገድ ይሰፋባታል፤ የድሮው ሐዲድ ግን ባቡሩ ከቆመ በኋላም እዚህም እዚያም እንደተኛ ቀርቷል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በሌላ በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በግሩፑ ውስጥ አንድ ደንብ አለን፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ይጠብቀዋል። አስታውሳለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የት ቆሞ እንደሚያስታውስ ይናገራል። ከሐዲዱ ወዲህ ነው ወዲያ? ፊቱ ወደ ሞጆ ነበር ወይስ ወደ ወለንጪቲ? ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚሰማለት።

አንድ ጊዜ የብረት በር ያለው የድንጋይ አጥር ፎቶ ወጣ።

«ይሄን በር አውቀዋለሁ» አለ አንዱ። «ከሐዲዱ ወዲህ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ሞጆ አድርጌ፣ በስተቀኜ ነው። የፊት ጥርሴን የሰበርኩበት ነው።»

«ጥርስህን የሰበርከው የእኛን ማንጎ ልትሰርቅ ስትዘል ነው» አለች አንዲት የሰፈሩ ሴት። «እሱንም መስክር እንጂ።»

ቢሾፍቱ ያደገም፣ ሞጆ ያደገም አብሮን አለ። የሞጆው ሰው የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ፣ በነገር የማይቻል ነው። «እናንተ ናዝሬቶች ሐዲዱን በሙሉ ወስዳችሁታል» ይላል ሁልጊዜ። «ለእኛ ለሞጆዎች ጭሱን እንኳ ተዉልን።»

እኔ ብዙ አልናገርም። የምናገር ቀን ግን ያምኑኛል፤ አባቴ ጣቢያው ውስጥ ሐዲድ ቀያሪ ስለነበረ። በልጅነቴ ምሳውን በሳህን ቋጥሬ የምወስድለት እኔ ነበርኩ። ደግሞም ያልሆነውን ሆነ ማለት፣ ለቀልድም ቢሆን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈራው ነገር ነው። ሳላጣራ አንድ ቃል አልጽፍም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሰውን ሊጎዳ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያቺ ፎቶ የወጣችው በጾም መግቢያ አካባቢ ነው። ባቡር ቆሟል። አንድ ወጣት በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ ሁለት እጁን ዘርግቷል። ከታች ጀርባዋን የሰጠችን አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ታቀብለዋለች። በሌላው እጇ ትንሽ ልጅ ይዛለች። ከእነሱ ባሻገር በስተቀኝ፣ በብረት እግሮች ላይ የቆመ ክብ የውሃ ታንከር ይታያል። የወጣቱ ፊት ስለተነቃነቀ ደብዝዟል። ፎቶው ላይ አንዲት ፊደል ወይም ቁጥር ብትኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ግን የለችም።

በማግስቱ የአንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ድምፅ ግሩፑ ውስጥ ገባ። አወቅኋቸው። እኛ ቤት በስተጀርባ ይኖሩ የነበሩ፣ እትዬ እያልኩ ያደግኩ፣ ለዓመት በዓል ሁሉ ጠርተው ፀጉሬን ይሠሩኝ የነበሩ ናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ እንደምን ናችሁ ልጆቼ» አሉ። «እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ በአፌ ነው የምነግራችሁ። ይቺ ጀርባዋ የሚታየው እናቴ ናት። እጇን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። መስኮት ላይ ያለው ወንድሜ ነው። ቦታው የእኛው ጣቢያ ነው። ታንከሩ በስተግራችን ነበር፤ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፣ ነፋሱ እያመጣ ግራ ጉንጬን ይረጨኝ ነበር።»

ከዚያ ለምን እንደሚፈልጉት ነገሩን። ወንድማቸው ከአባታቸው ጋር ተጣልቶ ድሬዳዋ ሥራ ሊፈልግ የሄደ ነው። አባትየው «ሊሸኘው የወጣ ሰው ቤቴ አይመለስም» ብለው ነበር። ልጁ በሄደበት በንዳድ ታሞ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። እናትየውም ብዙ አልቆዩም። ከዚያ በኋላ በዘመድ መካከል የቀረው ወሬ እናት ባሏን ፈርታ ከቤት አልወጣችም፣ ልጁ ሳይመረቅ ሄደ፣ ስለዚህ አልቀናውም የሚል ነው። እትዬ ያኔ አራት ዓመት ቢሆናቸው ነው። «እናቴ ጣቢያ ሄዳለች፣ እኔንም ይዛኛለች» ሲሉ፣ ያሳደጓቸው የአባታቸው እህት «አልመሽ ነው፣ ያን ቀን ከቤት የወጣችው ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ብቻ ነው» ይሏቸው ነበር። ስድሳ ከምናምን ዓመት ሕልም ነው እየተባሉ ኖሩ።

«እንግዲህ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ «ሕልም ፎቶ አይነሳም።»

ከዚያ የፎቶግራፍ አንሺው ልጅ በስሜ ጠርቶ እኔን ጠየቀኝ። «እህቴ፣ አንቺ ጣቢያውን ታውቂዋለሽ። እስቲ ተናገሪ።»

ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ታንከሩ ከተነሳ ቆይቷል፤ ሄዶ የሚያይ የለም። የልጅነት መንገዴን ወረቀት ላይ ሣልኩት። ከጣቢያው በር እወጣለሁ፣ ሐዲዱ ፊት ለፊቴ ነው፤ አባቴ «ከፀሐዩ ግቢ» ብሎ ወደ ታንከሩ ጥላ ይልከኛል፤ ወደ ግራ ነው የምታጠፈው። ሁልጊዜ ወደ ግራ። ፎቶው ላይ ያለው ግን በቀኝ ነው። እትዬም «በስተግራችን» ያሉት ከፎቶው ጋር አይገጥምም፤ እርጅና ነው፣ ግራና ቀኙ ተምታቶባቸው ነው አልን ሁላችንም በየልባችን። ጸለይኩበት። ከዚያ ጻፍኩ። «በጣቢያው በር ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ሐዲዱ አድርጌ፣ የናዝሬት ታንከር በስተግራ ነው። ይህ በቀኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ይህ ናዝሬት አይደለም።»

የሞጆው ሰውዬ ወዲያው መጣ። «የእኛ በቀኝ ነው። ጣቢያዎቹ በአንድ እጅ የተሠሩ ናቸው፣ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። ይሄ ሞጆ ነው። በስንት መከራ አንድ ነገር ሰጣችሁን።» የፎቶግራፍ አንሺው ልጅም አባቱ ለሠርግ ሞጆ ድረስ ይሄዱ እንደነበር አስታወሰ። ነገሩ ተዘጋ።

እትዬ አንድ አጭር ድምፅ ላኩልኝ፣ ለብቻዬ። «እሺ የኔ ልጅ። አንቺ ካልሽ ነው።» ከዚያ በኋላ ግሩፑ ውስጥ ድምፃቸው ጠፋ።

እውነት የተናገርኩ መስሎኝ ነበርና ለምን እንደከበደኝ አልገባኝም። ጠዋት ስጸልይ የእሳቸው «እሺ» ጆሮዬ ውስጥ ይመጣል። ተከራክረውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ሕልም ነው የተባሉትን ትዝታቸውን አጥፈው ወደ ሳጥናቸው መለሱ፤ ሳጥኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጾሙ አልቆ፣ ፋሲካ አልፎ፣ እዚህ በረዶው መቅለጥ በጀመረበት አንድ ቀን ነው። አብራኝ የምትሠራው የዚህ አገር ሴት በቀኝ እጇ የወለል መወልወያውን ይዛ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በግራዋ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት። ክፋት የለባትም፤ እዚህ እጅ ሁሉ እጅ ነው። ብዙ ዓመት በግራ ሲሰጠኝ፣ በግራ ሰላም ስባል ኖሬአለሁ። እንደዚያም ሆኖ በእያንዳንዱ ጊዜ ቅር ይለኛል። ለምን እንደሆነ ሳላስበው ቁልፉን እያየሁ ቆምኩ። እኛ አገር ሴት ልጅ እጇ ቢያዝባት እንኳ፣ የያዘችውን ወደ ሌላው ታዛውራለች እንጂ በግራ አትሰጥም። ጨው አትሰጥም። ለጎረቤት እሳት እንኳ አትሰጥም።

ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ስልኬን አወጣሁና የባቡሯን ፎቶ ከፈትኩ። ሴትዮዋ ያቺን ትንሽ ልጅ በቀኝ እጇ ይዛለች። ቋጠሮውን የምታቀብለው በግራዋ ነው።

ስንት ሰው ነው ያንን ፎቶ ያየው። ሁላችንም ታንከር ስናይ፣ ሐዲድ ስናይ፣ ብረት እግር ስንቆጥር እጇን ያየ የለም።

ለፎቶግራፍ አንሺው ልጅ ደወልኩለት። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ያቺን የባቡሯን ፎቶ ክፈታት» አልኩት። «ሴትዮዋ በየትኛው እጇ ነው የምትሰጠው?»

«ቆይ... በግራ።»

«መንገድ ለሚሄድ ልጇ ስንቅ በግራ የምትሰጥ እናት አይተህ ታውቃለህ?»

ከዚያ ወንበር ሲጎተት፣ ቆርቆሮ ሲከፈት ሰማሁ። ፊልሙን ፈልጎ እስኪያገኝ ስልኩን አልዘጋሁም። ሲመለስ ድምፁ ተለውጧል።

«ፊልም ሁለት ፊት አለው» አለኝ። «አንዱ ያብለጨልጫል፣ አንዱ ደብዛዛ ነው። ደብዛዛው ወደ መስታወቱ መዞር አለበት። ይሄንን ገልብጬ ነው የለጠፍኩት። የወጣቱ የሸሚዝ ኪስ ራሱ በቀኝ ደረቱ ላይ ነው ያለው፤ በቀኝ ኪስ ያለው ሸሚዝ ማን ይሰፋል? አባቴ ይህን ቢያዩ በጥፊ ነበር የሚሉኝ።»

አዙሮ ላከልኝ። ታንከሩ በስተግራ ሆኖ መጣ። ልጅቷ በእናትየው ግራ፣ ከታንከሩ በኩል ቆማለች፤ ነፋስ ቢነሳ ውሃው የሚረጨው ግራ ጉንጯን ነው። በዚያች በርጩማ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ፤ አብራኝ የምትሠራዋ ሴት መወልወያዋን ትታ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። በየትኛው እጇ እንደሆነ አላየሁም።

ግሩፑ ውስጥ ጥፋታችንን ሁለታችንም ጻፍን። የፎቶግራፍ አንሺው ልጅ ቆርቆሮዎቹን እንደገና ሲያገላብጥ ሌሎች የተገለበጡም አገኘ፤ የድንጋይ አጥሩም አንዱ ነበር። ጥርሱን የሰበረው ሰውዬ «በቀኝም ሆነ በግራ ጥርሴ አልተመለሰም» አለ። ማንጎ ያላት ሴት ደግሞ «በቀኝ ነው ብሎ ሲምልልን የነበረውስ?» አለችው።

እትዬን ግን በጽሑፍ አላገኛቸውም። ደወልኩ።

«እትዬ፣ ልሳሳትብዎት አልፈለግኩም ነበር፤ ተሳሳትኩብዎት። ፎቶው ነው የተገለበጠው። እርስዎ ልክ ነበሩ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ታንከሩስ?»

«በስተግራ ነው።»

«እንግዲህ አላለምኩማ» አሉ።

ያኔ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ባልጨምር ኅሊናዬ አያስተኛኝም። «እትዬ፣ ቦታው ናዝሬት ነው። ሴትዮዋ እናትዎ መሆናቸውን ግን እኔ መማል አልችልም። ጀርባ ነው የሚታየው። ሌላም እናት በዚያ ጣቢያ ልጇን ሸኝታ ይሆናል።»

«አንቺን ማን ማይልኝ አለሽ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ያቺን ሴት የምታውቅ ሰው አለች። እስከ ዛሬ ምንም የማሳያት አጥቼ ነው እንጂ።»

ያሳደጓቸው አክስታቸው፣ በኦሮምኛ አዳዳ የሚሏቸው የአባታቸው እህት፣ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ከናዝሬት ብዙ በማይርቀው ደራ ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፣ ዘጠና የሚጠጋ ዕድሜ ላይ። የፎቶግራፍ አንሺው ልጅ ፎቶውን እንደ ትሪ የሚያህል አድርጎ አሳተመላቸው። እትዬ በጋዜጣ ጠቅልለው ሚኒባስ ተሳፍረው ደራ ሄዱ። የሆነውን ያወቅኩት ከእሳቸው አንደበት ነው፤ ማታውን ደውለው ስለነገሩኝ።

አዳዳ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እትዬ ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

«ይሄ ማነው?» አሉ አዳዳ ወጣቱን እያዩ። ዓይናቸው ያን ያህል አያይም፤ ወደ ፀሐዩ ዞረው አቀረቡት። ከዚያ ፊቱን ትተው ወደ ሴትዮዋ ጀርባ ሄዱ። በጣታቸው የነጠላውን ጫፍ ነኩ። ጫፉ ላይ ጥለቱ ተቋርጦ፣ ከሌላ ጨርቅ የተቀጠለ ሰፋ ያለ ቁራጭ አለ። እኔ ያንን ሳየው የፊልም ጭረት መስሎኝ ነበር።

«ይሄ የእኔ ነጠላ ነው» አሉ አዳዳ።

እትዬ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ጫፉን አይጥ በልቶብኝ ከአሮጌ መቀነት ቆርጬ የቀጠልኩት ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ስፌቴን አጣዋለሁ?» ከዚያ በቀስታ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ቀጠሉ። «ያን ቀን ጠዋት መጣች። ልሳለም ነው ነጠላሽን አውሺኝ አለችኝ። የራስሽስ ብላት፣ ታጥቧል አለችኝ። ማታ አጥፋ መለሰችልኝ። ጥላሸት ነበረበት። ምንድነው ይሄ ብላት፣ የሻማ ነው አለችኝ። የሻማ ጥላሸት አመንኩ እኮ እኔ።»

«የባቡር ነው» አሉ እትዬ።

«የባቡር ነው» አሉ አዳዳ። «ስድሳ ዓመት ሐሰት አላወራሁም ልጄ። የነገረችኝን ነው ያወራሁ። ወንድሜ ቢሰማ ይገድላት ስለነበረ ለእኔም አልነገረችኝም።» ከዚያ አዳዳ ፎቶውን ሳሙት። እትዬ እንደሚሉት የሳሙት ነጠላውን አይደለም፤ የምትሰጠውን እጅ ነው፣ ቀኝ እጇን።

እኔ እዚህ ሆኜ ይህንን ሳስብ፣ ያቺ እናት በዚያች ቀን ሁለት ጊዜ እንደዋሸች አውቃለሁ፤ ታጥቧል ብላ፣ ሻማ ነው ብላ። በቤተ ክርስቲያንም ስም ነው የዋሸችው። እኔ ሳልዋሽ፣ ወረቀት ላይ ሥዬ፣ ጸልዬ የተናገርኩት ግን ምን እንዳደረገ አየሁ። ስለእሷ የምለው የለኝም። ስለሞቱት ስጸልይ ግን እሷንም ከራሴ ሰዎች ጋር አስባታለሁ፤ በልጇ ስም፣ የእትዬ እናት ብዬ።

የሞጆው ሰውዬ ነገሩን ሲሰማ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አላለም፤ ለእሱ ብዙ ነው። በሦስተኛው ቀን ጻፈ። «እሺ፣ ታንከራችሁን ውሰዱ። ለእናት ሲሆን እንሰጣለን።»

ፎቶው ግሩፑ ውስጥ በትክክለኛ ፊቱ ተለጥፏል። የፎቶግራፍ አንሺው ልጅ ከሥሩ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው የጻፈበት የመጀመሪያው ፎቶ ነው። እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ ደውለው እኔን ጠየቁኝ።

«ምን ብሎ ነው የጻፈው? አንብቢልኝ።»

«የት ነው፦ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ፣ ታንከሩ በስተግራ» አልኳቸው። «ማን ነው፦ እናት ልጇን መርቃ ስትሸኝ።»

«መርቃ ይላል?»

«ይላል እትዬ።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው።